በታመመ አእምሮ ስለ ፈሰሰው ደም የሚጠየቀው ማን ነው?

ዳኝነት ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነገር ይጠይቃል። መጀመሪያው «እጁ ምን አደረገ?» የሚል ነው፤ ሁለተኛውም «ልቡ ምን ያውቅ ነበር?» የሚል ነው። እጅን ብቻ አይቶ የሚፈርድ ሰው ከገደል ተንከባሎ ሰው የገደለውን ድንጋይ ለፍርድ ሊያቀርበው ይገባል፤ ልብን ብቻ አይቶ የሚፈርድም ሰው የሟቹን ደም ይረሳል። ሁለቱን አንድነት ይዞ መፍረድ ከባድ ስለ ሆነ፥ ብዙ ሰዎች፥ ከእነርሱም መካከል መጽሐፍ የተማሩና ሕግ የሚያውቁ፥ ሁለተኛውን ጥያቄ ጥለው የመጀመሪያውን ብቻ ይዘው እናገኛቸዋለን። አእምሮው በጽኑ የታመመ ሰው ነፍስ አጠፋ የተባለ እንደ ሆነ፥ «አበደም አላበደም ደም አፍስሷልና እንደ ማንኛውም ነፍሰ ገዳይ ይቀጣ» ይላሉ። ሌሎችም «ዕብደት የጠበቃ ዘዴ ነው» ብለው ይሥቃሉ። ይህ አሳብ ቍጣ ያዘለ ስለ ሆነ ለጊዜው ፍትሕ ይመስላል። ሲመረመር ግን ፍትሕም አይደለም፤ ነገ ሊሞት ለሚችለውም ሰው ጥበቃ አይሆንም። ይህን ጽሕፈት የምጽፈው ይህን አሳብ ለመቃወም ነው።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ልናገር። ሟቹን የሚረሳ ክርክር ከንቱ ክርክር ነው። ልጇ የተገደለባት እናት፥ ገዳዩ ሕመምተኛ ነው ስለ ተባለች ኀዘኗ አይቀልላትም። ስለዚህ ለሕመምተኛው የሚከራከር ሰው ሁሉ ፊቱን ወደዚያች እናት አዙሮ መናገር ይገባዋል። እኔም እርስዋ እንደምትሰማኝ አድርጌ እናገራለሁ፤ የውጭ አገሩንም ነገር ስናገር ዘመኑን በፈረንጆች አቈጣጠር አደርገዋለሁ።

ዕብድን ከነፍሰ ገዳይ ለይቶ ማየት የዛሬ ዘመን ልስላሴ የሚመስለው ሰው ካለ፥ የጥንቱን ሕግ ይመልከት። በ2ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግድም በሮም መንግሥት ኤልዮስ ጵሪስኮስ የተባለ ሰው እናቱን ገደለ። አገረ ገዢው ስካፑላ ቴርቱሎስ «ምን ላድርግ?» ብሎ ወደ ቄሣሩ ወደ ማርቆስ አውሬልዮስና ወደ ልጁ ወደ ኮሞዶስ ጻፈ። የመጣለትም መልስ ንጉሡ ዩስጢንያኖስ በ533 ዓመት ባወጣው ዲጄስታ በሚባለው የሕግ መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ እስከ ዛሬ ይገኛል። ነገሩን በአጭሩ ብናየው አራት ፍሬ አለው። 1ኛ፥ ሰውዬው በእውነት አእምሮውን ያጣ እንደ ሆነና አስመስሎ እንዳልሆነ ይመርመር። 2ኛ፥ በእውነት ያበደ ከሆነ ሕመሙ ራሱ ቅጣት ሆኖበታልና ሌላ ቅጣት አይጨመርበት፤ ነገር ግን ለእርሱም ለጎረቤቶቹም ደኅንነት በጥብቅ ይጠበቅ፥ የሚያስፈልግም ከሆነ ይታሰር። 3ኛ፥ እንደዚህ ያለ ሕመምተኛ አንዳንድ ጊዜ ልቡ የሚመለስበት ሰዓት አለና፥ የገደለው በዚያ ሰዓት እንደ ሆነ ይታይ። 4ኛ፥ እንዲጠብቁት የሚገባቸው ሰዎች በዚያን ጊዜ የት ነበሩ? ቸልተኞች ሆነው የተገኙ እንደ ሆነ እነርሱ ይጠየቁ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን ልብ በል። ያ ንጉሥ አረማዊ ነው፤ በ177 ዓመት የሊዮን ክርስቲያኖች በሰማዕትነት የሞቱት በእርሱ ዘመን ነው። ያ አረማዊ የጠየቀውን አራተኛውን ጥያቄ እኛ ክርስቲያኖች ነን የምንለው ስንጠይቀው አይሰማም።

ከቤተ ክርስቲያንም ወገን ምስክር የሚፈልግ ቢኖር፥ በ381 ዓመት በቍስጥንጥንያ ጉባኤ የተገኙትን የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳት አባ ጢሞቴዎስን ይጠይቅ። «አእምሮው የጠፋበት ሰው ራሱን ቢገድል ቍርባን ይቀረብለታልን?» ተብለው በተጠየቁ ጊዜ፥ በእውነት አእምሮውን ስቶ ከሆነ ይቀረብለት አሉ። ነገር ግን ዘመዶች ጸሎቱን ለማግኘት ሲሉ ብዙ ጊዜ ሐሰት ይናገራሉና ካህኑ በጥንቃቄ ይመርምር ብለው አስጠነቀቁ። ይህ ስለ ራስ መግደል የተሰጠ መልስ ነው፤ መሠረቱ ግን ከያዝነው ነገር ጋር አንድ ነው። አባቶች ምሕረትን ከምርመራ አልለዩም። የእኛ ዘመን ተከራካሪዎች ግን አንዳንዶቹ ያለ ምርመራ ምሕረት፥ አንዳንዶቹም ያለ ምርመራ ቅጣት ይፈልጋሉ።

አሁን ተቃዋሚዎቻችን የሚያመጡትን ምክንያት አንድ በአንድ እንመልከት።

የመጀመሪያው ምክንያታቸው፥ «አስቦ፥ መሣሪያ አዘጋጅቶ፥ ቦታና ጊዜ መርጦ የገደለ ሰው እንዴት ዕብድ ይባላል?» የሚል ነው። ይህ አሳብ የሕዝብ ብቻ ሳይሆን የዳኞችም አሳብ ነበር። በእንግሊዝ አገር በ1724 ዓመት ትሬሲ የተባሉት ዳኛ፥ ከቅጣት የሚድነው ዕብድ እንደ ሕፃን ወይም እንደ ዱር አውሬ ምንም የማያውቀው ብቻ ነው ብለው ነበር። በ1800 ዓመት ግን ጄምስ ሃድፊልድ የተባለ ወታደር የነበረ ሰው በሎንዶን በድሩሪ ሌን ቴያትር ውስጥ በንጉሥ ጊዮርጊስ 3ኛ ላይ ሽጉጥ ተኵሶ ሳተ። ይህ ሰው በ1794 በቱርኳን ጦርነት ራሱን በሰይፍ ተመትቶ በጽኑ የቈሰለ ነበር። ከዚያ ወዲህ፥ የክርስቶስ ዳግም ምጽአት የሚፈጸመው እርሱ በመንግሥት እጅ ሲገደል ነው የሚል እምነት በልቡ ገባ። ራሱን በራሱ ለመግደል አልፈቀደም፤ ስለዚህ መንግሥት እንዲገድለው ብሎ ወደ ንጉሡ ተኰሰ። መሣሪያ አዘጋጀ፤ ጊዜና ቦታ መረጠ፤ በንጉሥ ላይ መተኰስ በሞት እንደሚያስቀጣም ዐወቀ፤ እንዲያውም የፈለገው ይህን ነበር። ጠበቃው ቶማስ ኤርስኪን የሕመሙን ሁኔታ በዝርዝር ባስረዳ ጊዜ ሃድፊልድ በሕመሙ ምክንያት ከወንጀሉ ነጻ ተባለ። እንግዲህ የታመመ አእምሮ ማሰብን አያቆምም። የሚያስብበት መሠረት ሐሰት ሆኖ ሳለ፥ በዚያ በሐሰቱ መሠረት ላይ ግን በጥንቃቄ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ይደረድራል። «ተጠንቅቆ ሠራ» ማለትና «ምን እንደሚሠራ በእውነት ዐወቀ» ማለት አንድ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያታቸው፥ «አስመሳይ ይበዛል» የሚል ነው። አስመሳይ መኖሩን ማን ይክዳል? ቅዱስ ዳዊት ራሱ በጌት ንጉሥ በአንኩስ ፊት ዕብድ መስሎ መዳኑ በ1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21 ተጽፏል። ነገር ግን ለአንድ ቀን ማስመሰልና ሐኪም እያየው ሌሊትና ቀን ለብዙ ሳምንት ማስመሰል አንድ አይደለም። ደግሞም እንዲህ ያለው ሕመም በወንጀሉ ቀን የሚጀምርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ከዚያ በፊት የማይተኛበት ሌሊት አለ፤ ምግቡን «መርዝ አለበት» ብሎ የጣለበት ቀን አለ፤ ብቻውን ሲነጋገር የሰሙት ጎረቤቶች አሉ። በአሜሪካ አገር ይህ መከላከያ የሚቀርበው ከመቶ ከባድ ወንጀል አንድ በማይሞላው ነው፤ ከቀረበውም የሚበዛው ተቀባይነት አያገኝም። ሐሰተኛ ገንዘብ በገበያ ተገኘ ተብሎ ገንዘብ ሁሉ አይጣልም፤ ገንዘብ የሚለይ ሰው ይጠራል እንጂ።

ሦስተኛው ምክንያታቸው ከሁሉ የሚከብደው ነው። «ነጻ ነው ተብሎ ይለቀቅና ነገ ደግሞ ይገድላል» ይላሉ። ያች ኀዘንተኛ እናትም የምትፈራው ይህን ነው፤ ፍርሃቷም በቂ ምክንያት አለው። ነገር ግን ከቅጣት ነጻ መሆንና መለቀቅ ሁለት ነገር ናቸው። ሃድፊልድ ነጻ ከተባለ በኋላ በዚያው በ1800 ዓመት ፓርላማው እንዲህ ያለው ሰው በጥበቃ እንዲኖር ሕግ አወጣ፤ እርሱም በ1841 ዓመት በጥበቃ ሳለ ሞተ። በማርች 30 ቀን 1981 የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገንንና ሌሎች ሦስት ሰዎችን ተኵሶ ያቈሰለው ጆን ሂንክሊ በ1982 በዕብደት ምክንያት ነጻ በተባለ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ተቈጣ። ይሁን እንጂ ከሆስፒታል ወጥቶ ከእናቱ ቤት እንዲኖር የተፈቀደለት በ2016 ነው፤ ከፍርድ ቤት ቍጥጥር ፈጽሞ የወጣውም በ2022 ነው። ይኸውም ከተኰሰ 41 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

አሁን ሁለቱን እናነጻጽር። የእስራት ዘመን የሚያበቃው በቀን መቍጠሪያ ነው። 15 ዓመት የተፈረደበት ሕመምተኛ 15ኛው ዓመት ሲፈጸም፥ ዳነም አልዳነም፥ በሩ ይከፈትለታል። በወህኒ ቤት ሳለ ሕመሙ ጠንክሮበት፥ ጠላቶች ያላቸው ሰዎችም በልቡ በርክተው ሊወጣ ይችላል። የጥበቃና የሕክምና ትእዛዝ ግን የሚያበቃው ሰውዬው ያለበት ሁኔታ ተመርምሮ ነው። እንግዲህ የሕዝብን ደኅንነት የሚወድ ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ የትኛውን ይመርጣል? «ይቀጣ» የሚለው ቃል በጆሮ የጠነከረ ሲመስል በሥራ ግን የላላ ነው።

የተቃዋሚዎቻችን አሳብ ሕግ ሲሆን ምን እንደሚያፈራ ማየት ለሚወድ ምሳሌ አለ። ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሞንታና በ1979፥ አይዳሆ በ1982፥ ዩታ በ1983፥ ካንሳስ በ1995 ዕብደት ራሱን የቻለ መከላከያ መሆኑን ሰረዙ። የካንሳስ ሕግ የሚጠይቀው ሰውዬው ለመግደል አስቦ እንደ ሆነ ብቻ ነው፤ ክፉ መሆኑን ማወቅ አለማወቁን አይጠይቅም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 በ6 ዳኞች ድምፅ በ3ቱ ላይ ይህ ሕግ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ፈረደ። ካልተስማሙት አንዱ ዳኛ ብሬየር ግን እንዲህ ያለ ምሳሌ አመጡ፦ አንድ ሕመምተኛ ሰውን ውሻ መስሎት ቢገድል በዚህ ሕግ ነጻ ይሆናል፤ ሌላው ሕመምተኛ ውሻ ሰው እንዲገድል ያዘዘው መስሎት ቢገድል ይቀጣል። የሁለቱም አእምሮ በአንድ ሕመም ተይዟል፤ ፍርዳቸው ግን እንደ ሰማይና እንደ ምድር ተራራቀ። ልብን ሳይመረምር እጅን ብቻ ለማየት የፈለገ ሕግ መድረሻው እንዲህ ያለ ነው።

እንዲህ ስል ግን ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ ከወንጀል ሁሉ ይድን ማለቴ እንዳይመስል። የአገራችን ሕግ በዚህ ነገር ከብዙ አገር ሕግ የተስተካከለ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፥ በኋላም በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፥ ነገሩን በደረጃ ለይተውታል። አንቀጽ 48 እንደሚለው፥ በሕመም ወይም በመሰለው ምክንያት በድርጊቱ ጊዜ የሥራውን ሁኔታና ውጤት ለመረዳት፥ ወይም በተረዳው መጠን ራሱን ለመግዛት ፈጽሞ ያልቻለ ሰው በቅጣት አይጠየቅም፤ ፍርድ ቤቱ ግን የጥበቃና የሕክምና ትእዛዝ ሊሰጥበት ይችላል። አንቀጽ 49 ችሎታው በከፊል ብቻ ለጐደለበት ሰው ቅጣቱ እንዲቀልለት እንጂ እንዳይቀርለት ያደርጋል። አንቀጽ 50 ደግሞ ወንጀል ለመሥራት ብሎ አእምሮውን በመጠጥ ወይም በሌላ ነገር ያሳተውን ሰው ከተጠያቂነት አያድነውም። እንግዲህ ቍጣ ዕብደት አይደለም፤ ጥጋብም ዕብደት አይደለም፤ ቂምም ዕብደት አይደለም። ሚስቱን በቅናት የገደለ ጤነኛ ሰው በዚህ በር ሊገባ አይችልም። ሕመምተኛም ቢሆን፥ ወንጀሉ ከሕመሙ የመነጨ ካልሆነ በሕመሙ አይመካኝ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ያወቀው ባሪያና ያላወቀው ባሪያ የቅጣታቸው መጠን የተለያየው ከዚህ ጋር በሚስማማ መንገድ ነው። በአማርኛችንም ሕፃን ሲያድግ «ነፍስ ዐወቀ» እንላለን፤ ነፍስ ያላወቀውን ሕፃን እንደ አዋቂ አንቀጣውም። ነፍስ ዐውቆ ሳለ በሕመም ያጣትን ሰው ግን ለምን እንዳወቀ አድርገን እንፈርድበታለን?

አሁን ወደ ጽሕፈቱ ዋና ነገር ደርሰናል። በጃንዋሪ 20 ቀን 1843 ዳንኤል ማክናተን የተባለ የግላስጎ ከተማ የእንጨት ሥራ ባለሙያ፥ በሎንዶን መንገድ ላይ የጠቅላይ ሚኒስትሩን የሰር ሮበርት ፒልን ጸሐፊ ኤድዋርድ ድራሞንድን ከበስተኋላው በሽጉጥ መታው፤ ድራሞንድም ከ5 ቀን በኋላ ሞተ። ማክናተን ጸሐፊውን የመታው ፒል መስሎት እንደ ነበረ ይታመናል። በሚቀጥለው ማርች ወር በፍርድ ቤት ሐኪሞች ቀርበው አእምሮው መታመሙን መሰከሩ፤ የመንግሥቱ ወገን የሚቃወማቸው ሐኪም አላቀረበም፤ ነጻም ተባለ። ንግሥት ቪክቶሪያ ተቈጡ፤ ሕዝቡም ተቈጣ፤ የሎርዶች ምክር ቤት ዳኞቹን ጠርቶ ጠየቀ። ዳኞቹም በሰጡት መልስ፥ ከተጠያቂነት የሚድነው በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚሠራውን ሥራ ምንነት ያላወቀ ወይም ክፉ መሆኑን ያላወቀ ሰው ነው አሉ። የማክናተን ደንብ ተብሎ በብዙ አገር የተሠራጨው ይህ ነው። እርሱ ግን በጥበቃ ኖሮ በ1865 ዓመት ሞተ።

ይህን ሁሉ የሕግ ተማሪዎች ያውቁታል። ከዚህ ነገር ውስጥ ጥቂቶች ብቻ ልብ የሚሉት ሌላ ነገር አለ። ማክናተን ከመተኰሱ በፊት ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ቶሪ የሚባለው የመንግሥት ወገን ሰላዮች ሌሊትና ቀን እየተከተሉ ዕረፍት እንደ ነሡት አድርጎ ያምን ነበር፤ ይህንንም ለአባቱ ነገረ። ለግላስጎ ከተማ የፖሊስ ሹም ነገረ። ለከተማው ከንቲባ ነገረ። ለፓርላማው እንደራሴም ነገረ። የተናገረው ነገር ሐሰት ነበር፤ መታመሙ ግን እውነት ነበር፤ ያንንም ሕመም በገዛ አፉ እየዞረ ለአገሩ ሹማምንት አሳወቀ። ሁሉም ሰሙት፤ ሁሉም አሰናበቱት። ፍርድ ቤት በቀረበም ጊዜ የሰሙት ሰዎች ምስክር ሆነው መጥተው «አዎን፥ ነግሮን ነበር» አሉ። ድራሞንድ ግን በዚያን ጊዜ በመቃብር ነበር።

እንግዲህ ያች ኀዘንተኛ እናት «ለልጄ ደም የሚጠየቀው ማን ነው?» ብላ ብትጠይቅ፥ ሕመምተኛው ብቻ ነው ብሎ መመለስ ሐሰት ነው፤ ማንም አይጠየቅም ብሎ መመለስም ሐሰት ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 በቍጥር 28ና 29፥ በሬ ሰው ወግቶ ሲገድል የባለቤቱ ዕዳ የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ ተነግሮት እንደ ሆነና እንዳልሆነ ነው። ሰውን ከበሬ ጋር አላመሳስልም፤ ሕመምተኛውም በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ነው። ነገር ግን በዚያ ሕግ ውስጥ የተሰወረው ቁም ነገር፥ የተነገረው ሰው ካልተነገረው ሰው ጋር እኩል እንዳልሆነ ነው። እኛም ተነግሮናል።

የተነገረን በብዙ መንገድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ጽኑ የአእምሮ ሕመም በዓለም ከ300 ሰው አንዱን ግድም ይይዛል፤ በጠቅላላውም 24 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ የሚበዙት በዘመናቸው ሁሉ ማንንም አይገድሉም፤ እንዲያውም ይደበደባሉ፥ ይዘረፋሉ፥ በድንጋይ ይወገራሉ። የጥቂቶቹ አደጋ ከፍ የሚለው ሕመሙ ሳይታከም ሲቀርና መጠጥና ሌላ አስካሪ ነገር ሲጨመርበት ነው። በማክናተን ዘመን ሐኪም ምንም መድኃኒት አልነበረውም። በ1952 ዓመት በፓሪስ ከተማ ክሎርፕሮማዚን የተባለው መድኃኒት ለዚህ ሕመም ከተሰጠ ወዲህ ግን ነገሩ ተለውጧል፤ ይህና ከእርሱ በኋላ የመጡት መድኃኒቶች ሕመሙን ሁልጊዜ ባይነቅሉም ብዙውን ሰው ወደ ልቡ ይመልሳሉ። በአገራችን በቡታጅራ አካባቢ ለብዙ ዓመት በተደረገው ምርመራ ግን፥ ጽኑ የአእምሮ ሕመም ካላቸው ሰዎች የሚበዙት ጥናቱ እስኪያገኛቸው ድረስ የሐኪም መድኃኒት ቀምሰው የማያውቁ ሆነው ተገኝተዋል። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን ለዚያ ሁሉ ሕዝብ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ምሳሌ ያለው ሕዝብ፥ ቤቱ ከነደደ በኋላ ለፍርድ ብቻ መሰብሰቡ ያሳዝናል።

ይህን ስል የሕመምተኛውን ቤተ ሰብ ለመክሰስ አይደለም። እንቅልፍ አጥታ፥ የደረሰባትን ድብደባ ሸሽጋ፥ ለመንገድ ተበድራ ልጇን ለዐሥር ዓመት የጠበቀች እናት ቸልተኛ አትባልም። ቸልተኛው፥ እርስዋ «ሊገድለን ነው፥ አድኑን» ብላ ስትሄድ «መጀመሪያ ወንጀል ይሥራ» ብሎ የሚመልሳት ሹም ነው። ቸልተኛው መድኃኒቱ ማለቁን እያወቀ የማያስታውቅ ኀላፊ ነው። ቸልተኛው ጨርቁን የጣለውን ሰው በአደባባይ ከቦ፥ «ዕብድና ብርድ ያስቃል በግድ» እያለ የሚሥቅ የከተማ ሰው ነው። የዛሬው ሣቅና የነገው «ይሰቀል» የሚለው ጩኸት ከአንድ አፍ የሚወጡ ናቸው።

ለካህናትም ጥቂት ቃል አለኝ፤ በአክብሮት እናገራለሁ። በአገራችን አእምሮው የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚደርሰው ከሐኪም ሳይሆን ከጸበል ነው። ስለዚህ ከማንም በፊት የሚነገራቸው ካህናት ናቸው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በመቃብር መካከል ይኖር የነበረውን ሰው ሕዝቡ በሰንሰለት አሰረው፤ ጌታ ግን ልብሱን ለብሶ፥ ልቡም ተመልሶለት እንዲቀመጥ አደረገው። ሰንሰለቱ የሕዝቡ ነበር፤ መፈወሱ የጌታ ነበር። ጸበል የሚያጠምቅ አባት ለሕመምተኛው ጸሎቱንና ተስፋውን ይስጠው፤ ነገር ግን «መድኃኒቱን ጣል» አይበለው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወተ ሥጋ ሳሉ፥ ኤችአይቪ ለያዛቸው ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድነት እንዲወስዱ መክረው ነበር። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምንና መድኃኒትን የእግዚአብሔር ሥራ አድርጎ ያከብራል። በሰው ላይ ያደረ ክፉ መንፈስ ነው ብሎ የሚያምን አባትም ቢሆን፥ በዚያው እምነቱ ሰውዬውን ወንጀለኛ ሊለው አይችልም። ሰውዬው በሌላ ኃይል ተይዟል ብሎ የሚያጠምቅ፥ በፍርድ ቀን ግን በገዛ ፈቃዱ አደረገው ብሎ የሚፈርድ ሰው ሁለት ምላስ አለው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ነገር ብዙ አይደለም። ዳኞች በተከሳሹ ላይ የሕመም ምልክት ባዩ ጊዜ፥ ጠበቃው ቢጠይቅም ባይጠይቅም፥ ከፍርድ በፊት በዐዋቂ ሐኪም ያስመርምሩት፤ የሕጉ አንቀጽ 51 የተጻፈው ለዚህ ነውና። ሕመሙ የተረጋገጠበት ሰው ከወንበዴ ጋር በወህኒ ቤት አይታጐር፤ በሕክምና ቦታ ይጠበቅ፤ ሁኔታውም በየጊዜው ይመርመር። የሟቹ ዘመዶች አይረሱ፤ እውነቱ በችሎት በፊታቸው በሙሉ ይነገር፤ ፍርድ ቤቱ ሰውዬውን ሊለቅ ባሰበም ጊዜ አስቀድሞ ይነገራቸው፥ ቃላቸውም ይሰማ። ከሁሉም በላይ ግን በእንዲህ ያለ ችሎት ሁሉ ያ አራተኛው ጥያቄ ይጠየቅ፤ አስቀድሞ የተነገረው ማን ነበር? ሲነገረውስ ምን አደረገ? መልሱ በመዝገብ ይጻፍ፥ በጋዜጣም ይውጣ።

ያች እናት ልጇን አንመልስላትም። ልንሰጣት የምንችለው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የእውነት ፍርድ ነው፤ ሁለተኛውም በሌላይቱ እናት ላይ ይህ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። አእምሮውን ያጣውን ሰው መስቀል ሁለቱንም አይሰጣትም። ዛሬም በየሰፈራችን ሰላዮች እየተከተሉኝ ነው እያለ ከደጅ ወደ ደጅ የሚዞር ሰው አለ። ይህን የምታነቡ ካህናት፥ ሹማምንትና የከተማ ሰዎች ሆይ፥ ያ ሰው ወደ ደጃችሁ በመጣ ጊዜ አታሰናብቱት፤ እጁን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።